አሲድና አልካሊ ሲቀላቀሉ ስንት ዲግሪ ይሞቃሉ? በድሬዳዋ ቤተ ሙከራ በጥንቃቄ ለመለካት

አሲድና አልካሊ ሲቀላቀሉ መጠነ ሙቀታቸው ከፍ እንደሚል ኬሚስትሪ መማር የጀመረ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በምን ያህል ከፍ እንደሚል በትክክል መለካት ግን ሌላ ሥራ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከመቀላቀሉ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተቀላቀለ በኋላም አንድ ጊዜ ቴርሞሜትሩን ያነብባል፤ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል፤ መጽሐፉ ላይ ከሰፈረው ያነሰ መልስ ያገኛል፤ ከዚያም «ሙቀት ወደ አካባቢው ስለጠፋ ነው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሪፖርቱን ይዘጋል። ዓረፍተ ነገሯ ስሕተት የለባትም፤ ነገር ግን የጠፋው ሙቀት ራሱ ሊለካና ወደ ሒሳቡ ሊመለስ የሚችል መጠን መሆኑን ትሸፍናለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። የሚያስፈልገው በሁለት ንባብ ፋንታ በየደቂቃው የሚመዘገብ ተከታታይ ንባብና አንድ ወረቀት ግራፍ ነው።

ጉዳዩ በድሬዳዋ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ስትሆን፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ33 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ የተለመደ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው ሐረር ሲደረስ ግን አየሩ ደጋማ ይሆናል። መጽሐፎቻችን የሚሰጡት መመሪያ ክፍሉ 20 ወይም 25 ዲግሪ እንደሆነ በማሰብ የተጻፈ ነው። እዚህ የሚሠራ ሰው የክፍሉን ሙቀት የሙከራው አንድ አካል አድርጎ መቁጠር አለበት።

የምንጠብቀው ቁጥር

ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲገናኙ የገበታ ጨውና ውሃ ይፈጠራሉ። ሙቀቱን የሚያመነጨው ግን ጨው መፈጠሩ አይደለም፤ ሶዲየሙና ክሎራይዱ ከመቀላቀሉ በፊትም በኋላም በውሃው ውስጥ ተለያይተው የሚንሳፈፉ አየኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ናቸው። የሚጣመሩት ከአሲዱ የመጣው የሃይድሮጅን አየንና ከአልካሊው የመጣው የሃይድሮክሳይድ አየን ሲሆኑ፣ 1 ሞል፣ ማለትም 18 ግራም፣ ውሃ በዚህ መንገድ ሲፈጠር በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በጣም በቀጠነ ብጥብጥ፣ 55.8 ኪሎጁል ሙቀት ይወጣል። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፋንታ ናይትሪክ አሲድ፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፋንታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቢተካ ውጤቱ ከሞላ ጎደል ያው የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ኬሚስቱ ዤርማን ሄስ እ.ኤ.አ. በ1840 ያሳተመው የሙቀት ድምር ሕግ (የአንድ ምላሽ ጠቅላላ ሙቀት በስንት ደረጃም ቢካሄድ አይለወጥም የሚለው) የተወለደው እንዲህ ዓይነቶቹን የአሲድና የአልካሊ ልኬቶች ከመደጋገም ነው።

በቁጥር እንየው። እያንዳንዳቸው 1 ሞላር የሆኑ (በሊትር 1 ሞል የያዙ) 50 ሚሊ ሊትር አሲድና 50 ሚሊ ሊትር አልካሊ ሲቀላቀሉ 0.05 ሞል ውሃ ስለሚፈጠር የሚወጣው ሙቀት 2,800 ጁል አካባቢ ነው። 1 ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ጁል ስለሚያስፈልግ፣ 100 ግራም የሚመዝነው ድብልቅ ምንም ሙቀት ባይጠፋ በ6.7 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። መጠኑን ወደ 25 እና 25 ሚሊ ሊትር ዝቅ ማድረግ ይህን ቁጥር አይለውጠውም፤ ሙቀቱም የሚሞቀው ውሃም እኩል ይቀንሳሉና። የሚለውጠው የብጥብጡ ጥንካሬ ነው፤ 0.5 ሞላር ቢሆን ጭማሪው በግማሽ ይወርዳል። 2 ሞላር መጠቀም ጭማሪውን ወደ 13 ዲግሪ አድርሶ ንባቡን ያቀላል፤ ሆኖም 2 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለዓይን እጅግ አደገኛ በመሆኑ ለትምህርት ቤት 1 ሞላር ይሻላል ባይ ነኝ።

ብጥብጦቹን ከአንድ ቀን በፊት ማዘጋጀት

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በሳሙና ሠሪዎች ዘንድ እንደሚጠራው ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ራሱ ብዙ ሙቀት ያወጣል። 40 ግራሙ በ1 ሊትር ውሃ ሲሟሟ ብጥብጡን በ10 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ጠዋት አዘጋጅቶ በዚያው ክፍለ ጊዜ ሙከራውን የሚያካሂድ መምህር ከአሲዱ ጋር በመገናኘቱ የመጣውን ሙቀት ከመሟሟት ከተረፈው ሙቀት መለየት አይችልም። ስለዚህ ሁለቱም ብጥብጦች በዋዜማው ተዘጋጅተው፣ ሙከራው በሚካሄድበት በዚያው ክፍል ጎን ለጎን ማደር አለባቸው። አንዱን መስኮት አጠገብ፣ ሌላውን ቁም ሳጥን ውስጥ ማሳደር በድሬዳዋ ሁለት ዲግሪ ልዩነት በቀላሉ ያመጣል።

ኮስቲክ ሶዳው ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ውሃ በላዩ አይፈስስበትም። የተሟሟው ብጥብጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጣል፤ ክፍት ከተተወ የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይዳከማል፣ በመስታወት ክዳን ከተዘጋ ደግሞ ክዳኑ ተጣብቆ አልከፈት ይላል። በአሉሚኒየም ድስት ወይም ማንኪያ ማዘጋጀት ፈጽሞ አይገባም፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እየበላ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጅን ያወጣል። ከምግብ ሶዳ ጋር እንዳይምታታም ስሙ በጠርሙሱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የምግብ ሶዳ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ አረፋ እየደፈቀ መጠነ ሙቀቱን ዝቅ ስለሚያደርገው፣ በስሕተት የተቀዳ እንደሆነ ቴርሞሜትሩ ወደ ታች መውረዱ ወዲያውኑ ያጋልጠዋል።

አሲዱን በተመለከተ፣ በጠርሙሱ ላይ 37 በመቶ የሚል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 12 ሞላር ገደማ ነው። ስለዚህ 83 ሚሊ ሊትር አሲድ ግማሽ ሊትር በሚያህል ውሃ ላይ በዝግታ ይፈስስና ከዚያ በውሃ እስከ 1 ሊትር ይሞላል። ይህ ሥራ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ በመምህሩ ወይም በቤተ ሙከራ ባለሙያው ብቻ ይሠራ። በሞቃት ከተማ ጠንካራው አሲድ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ጢሱን በብዛት ይለቅቃል፤ ብዙ ጊዜ የተከፈተ አሮጌ ጠርሙስ በመለያው ላይ የተጻፈውን ያህል ጥንካሬ ላይኖረው ይችላል። ጥርጣሬ ካለ 1.06 ግራም ደረቅ ሶዲየም ካርቦኔት በውሃ አሟሙቶ፣ ሜቲል ኦሬንጅ የተባለውን የቀለም ጠቋሚ ጠብ አድርጎ፣ የተዘጋጀውን አሲድ በቡሬት (መጠን በተጻፈበት ባለ መዝጊያ የመስታወት ቱቦ) መጨመር ነው። አሲዱ በእርግጥ 1 ሞላር ከሆነ ቀለሙ 20 ሚሊ ሊትር ላይ ይለወጣል።

ስለ ውሃውም አንድ ነገር መባል አለበት። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ጠጣር ውሃ መሆኑን ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሁሉ ያውቃል። ኮስቲክ ሶዳ በዚህ ውሃ ሲሟሟ ብጥብጡ ይደፈርሳል፤ በውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔትም ጥቂት አሲድ ይወስዳል። ጉዳቱ በ1 ሞላር ብጥብጥ ላይ ትልቅ ባይሆንም የተጣራ ውሃ መጠቀም ይመረጣል። ለመኪና ባትሪ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይበቃል፤ ነገር ግን በባትሪ መሸጫዎች ውሃውና አሲዱ ተመሳሳይ ጄሪካን ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ስለሚችሉ፣ የተገዛው ውሃ መሆኑን አሲድ ሲነካው በሚቀላው በሊትመስ ወረቀት ሳያረጋግጡ መጠቀም አይገባም።

አንድ ተጨማሪ ብልሃት አለ። ሁለቱን ብጥብጦች በትክክል እኩል ከማድረግ ይልቅ አልካሊውን 1.1 ሞላር፣ ማለትም 44 ግራም በሊትር ማድረግ ይሻላል። በዚህ መንገድ አሲዱ በሙሉ እንደሚያልቅ እርግጠኛ እንሆናለን፤ ኮስቲክ ሶዳው እርጥበትና አየር ስቦ ትንሽ ቢዳከም እንኳ ሒሳቡ አይዛባም። የተፈጠረውን ውሃ የሚወስነው ጥንካሬውን ያረጋገጥነው አሲድ ይሆናል ማለት ነው።

ኩባያውና ቴርሞሜትሩ

የመስታወት ቢከር ብቻውን ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ ራሱ ብዙ ሙቀት ይወስዳል፣ የወሰደውንም ፈጥኖ ወደ አየር ይለቅቃል። ትኩስ መጠጥ የሚቀርብበት ነጭ የፎም ኩባያ እጅግ ይሻላል። ሁለት ኩባያ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብቶ፣ እንዳይገለበጥ በ250 ሚሊ ሊትር ቢከር ውስጥ አቁሞ፣ ከወፍራም ካርቶን የተቆረጠና ለቴርሞሜትር ቀዳዳ ያለው ክዳን መግጠም ነው። ፎም ኩባያ ከከተማዋ ገበያዎች፣ ከከፊራም ሆነ ከታይዋን፣ ከታጣ፣ ስስ የፕላስቲክ ኩባያ በጥጥ ወይም በቁራጭ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያገለግላል። ክዳኑን እንደ ትርፍ ነገር የሚቆጥሩ አሉ፤ በደረቅ አየር ከሞቀ ብጥብጥ ላይ የሚተን ውሃ ብዙ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ እኔ ከኩባያው እኩል አየዋለሁ።

በትምህርት ቤቶች የሚገኘው የተለመደው ቴርሞሜትር በ1 ዲግሪ የተከፋፈለ ሲሆን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ግማሽ ዲግሪ ድረስ ሊለየው ይችላል። ሁለት ንባቦች እያንዳንዳቸው በግማሽ ዲግሪ ሊሳሳቱ ከቻሉ በልዩነታቸው ላይ እስከ 1 ዲግሪ የሚደርስ ጥርጣሬ ይኖራል፤ ይህም ከ6.7 ዲግሪ ላይ 15 በመቶ ነው። በ0.1 ዲግሪ የሚያሳይ ዲጂታል ቴርሞሜትር ከተገኘ ይህ ጥርጣሬ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። በኔ ግምት በዚህ ሙከራ ላይ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ቅድሚያ የሚገባው ለእርሱ ነው። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ግን በሞቃት ክፍል ውስጥ ቢሰበር የሚወጣው ትነት መርዛማ በመሆኑ ቢቀር ይሻላል።

ቴርሞሜትሩን ከመጠቀም በፊት ከጭማቂ ቤት በተገዛ የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ ውስጥ አስገብቶ 0 ዲግሪ ማሳየቱን ማረጋገጥ ጥሩ ነው። በፈላ ውሃ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ግን 100 ዲግሪን አይጠብቅ፤ ውሃ በድሬዳዋ 96 ዲግሪ፣ በሐረር ደግሞ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 100 ስላላሳየ ብቻ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣል ደህና ቴርሞሜትር ጥቂት አይመስለኝም።

ክፍሉንና ሰዓቱን መምረጥ

ከተቻለ ሙከራው ጠዋት 2 ሰዓት ወይም 3 ሰዓት ላይ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ሳይግል ይከናወን። የጣሪያ ማራገቢያው ልኬቱ በሚካሄድባቸው ደቂቃዎች መጥፋት አለበት። በሰኔ ይህን ትእዛዝ በደስታ የሚቀበል ተማሪ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሚነፍስ አየር ከኩባያው ላይ ሙቀቱን በተለያየ ፍጥነት ስለሚወስድ በጠረጴዛዎቹ መካከል የሚታየው የውጤት ልዩነት ከዚያ ይመጣል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ጠረጴዛም አይሆንም።

ከዚህ የተሻለ ብልሃት የሚፈልግ ብጥብጦቹን ከክፍሉ ሙቀት በ3 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎ ይጀምር። ክፍሉ 31 ዲግሪ ቢሆን፣ ብጥብጦቹ ከ28 ዲግሪ ተነሥተው ወደ 34 ከፍ ይላሉ፤ በመጀመሪያ ከክፍሉ ጥቂት ሙቀት ይቀበላሉ፣ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል ይመልሳሉ። ለማቀዝቀዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት አያስፈልግም፤ ሁለቱን ጠርሙሶች በአንድ ሳህን ውሃ ውስጥ አቁሞ በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ይበቃል። በቆላ የመጠጥ ውሃ ጄሪካን የሚቀዘቅዝበት ዘዴ ነውና ለማንም እንግዳ አይሆንም። ዋናው ቁም ነገር ሁለቱም በአንድ ሳህን ውስጥ አብረው መቀዝቀዛቸው ነው።

ልኬቱ ደረጃ በደረጃ

ከመጀመሩ በፊት ሁሉም መነጽርና ጓንት ያድርግ። የቧንቧ ውሃ ሊቋረጥ ስለሚችል አንድ ሙሉ ጄሪካን ንጹሕ ውሃ ከነመቅጃው በክፍሉ ውስጥ መኖሩ መታየት አለበት። ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይንን ከፍቶ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ማጠብና ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ቆዳ ላይ የፈሰሰን አልካሊ በአሲድ ወይም በአቼቶ «ለማርከስ» መሞከር ግን አይገባም፤ ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ሙቀት በቆዳው ላይ ይፈጠራልና።

50 ሚሊ ሊትር አልካሊ በመለኪያ ሲሊንደር ተለክቶ ወደ ፎም ኩባያው ይገባል። 50 ሚሊ ሊትር አሲድ ደግሞ በሌላ ንጹሕ ሲሊንደር ተለክቶ በአጠገቡ ይቀመጣል፤ አንዱን ሲሊንደር ለሁለቱም መጠቀም ልኬቱ ሳይጀመር ጥቂት ሙቀት ማባከን ነው። በመጀመሪያ የአሲዱ መጠነ ሙቀት ይነበባል። ከዚያ ያው ቴርሞሜትር በተጣራ ውሃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ ወደ አልካሊው ይገባል። ለሁለቱም አንድ ቴርሞሜትር መጠቀም የሚመረጠው ሁለት ቴርሞሜትሮች እርስ በርስ ብዙ ጊዜ በግማሽ ዲግሪ ስለሚለያዩ ነው።

የሁለቱ ንባብ እኩል ካልሆነ መነሻው የሁለቱ አማካይ ነው። አሲዱ 30፣ አልካሊው 28 ዲግሪ ቢሆንና መጠናቸው እኩል ከሆነ መነሻው 29 ይሆናል። ይህን ዘንግቶ 28ን ብቻ የወሰደ ተማሪ ከአሲዱና ከአልካሊው ምላሽ ያልመጣ 1 ዲግሪ ይጨምራል፤ 15 በመቶ ገደማ የሚሆን ስሕተት ነው። የሚያስገርመው፣ ይህ ስሕተት ከጠፋው ሙቀት ጋር እየተጣፋ «ትክክለኛ» የሚመስል መልስ ሊሰጥ መቻሉ ነው።

አሁን ሰዓት ያዢው ተማሪ ሥራውን ይጀምራል። የአልካሊው መጠነ ሙቀት በ0፣ በ1፣ በ2 እና በ3 ደቂቃ ላይ ይነበባል። ልክ 4ኛው ደቂቃ ሲሞላ ክዳኑ ተነሥቶ አሲዱ በአንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ ክዳኑ ይመለሳል፤ በ4ኛው ደቂቃ ምንም አይነበብም። ብጥብጡ በመስታወት ዘንግ ወይም ኩባያውን በቀስታ በማወዛወዝ ይቀላቀላል። በቴርሞሜትሩ ማማሰል የዕቃውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ጫፉ ስስ ነው። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ደቂቃ ድረስ በየደቂቃው እየተማሰለ ይነበባል። ቴርሞሜትሩ የኩባያውን ታች መንካት የለበትም፤ የሚያነበውም ሰው ዓይኑን ከፈሳሹ ጫፍ ጋር ትክክል ማድረግ አለበት።

ግራፉና ሒሳቡ

ክፍሉ 31 ዲግሪ በሆነበት ጠዋት አሲዱም አልካሊውም በአንድ ሳህን ቀዝቅዘው እኩል ሆነው የተገኙበትን ልኬት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ አራት ንባቦች 28.0፣ 28.1፣ 28.1፣ 28.2 ሲሆኑ፣ ከ5ኛው ደቂቃ ጀምሮ ያሉት ደግሞ 34.3፣ 34.3፣ 34.2፣ 34.1፣ 34.0፣ 33.9 ናቸው እንበል። ጊዜው በአግድም፣ መጠነ ሙቀቱ በቁም ተደርጎ ነጥቦቹ በግራፍ ወረቀት ላይ ይቀመጣሉ። በፊተኞቹ አራት ነጥቦች መካከል የሚያልፍ ቀጥተኛ መስመር ወደ ፊት እስከ 4ኛው ደቂቃ ይሳባል፤ 28.2 ላይ ይደርሳል። ከ6ኛው ደቂቃ ወዲህ ባሉት ነጥቦች የሚያልፈው መስመር ደግሞ ወደ ኋላ እስከ 4ኛው ደቂቃ ሲሳብ 34.5 ላይ ይቆማል። 5ኛው ደቂቃ ወደዚህ መስመር አይገባም፤ ቴርሞሜትሩና ኩባያው ገና እየሞቁ ነውና።

በ4ኛው ደቂቃ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ቁመት 6.3 ዲግሪ ነው። ይህ ቅልቅሉ በቅጽበት ተጠናቅቆ፣ አየሩም ምንም ሳይወስድ ቢሆን ኖሮ ይታይ የነበረው ጭማሪ ነው። ሒሳቡም 100 ግራም በ4.18 በ6.3 ተባዝቶ 2,633 ጁል ይሰጣል፤ ለ0.05 ሞል ሲካፈል በሞል 52.7 ኪሎጁል ይሆናል። በግራፍ ፋንታ ከፍተኛውን ንባብ 34.3 ከ28.2 ጋር ብቻ ያስተያየ ተማሪ 6.1 ዲግሪ፣ ማለትም 51.0 ኪሎጁል ያገኝ ነበር። በፎም ኩባያ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው፤ ክዳን በሌለው ቢከር ቢሆን እጅግ ይሰፋል።

52.7 ግን አሁንም ያነሰ ነው። ቀሪውን የወሰዱት ኩባያው፣ ቴርሞሜትሩና ዘንጉ ናቸው፤ የወሰዱትንም ማወቅ ይቻላል። በዚያው ኩባያ 28.0 ዲግሪ የሆነ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይገባል፤ በ4ኛው ደቂቃ 40.0 ዲግሪ የሆነ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨመርበታል፤ ንባቡና ግራፉ እንደ ቀድሞው ይሠራል። ኩባያው ምንም ባይወስድ ድብልቁ 34.0 መሆን ነበረበት። በግራፉ የተገኘው 33.7 ከሆነ፣ ሞቃቱ ውሃ 6.3 ዲግሪ ወርዶ 1,317 ጁል ሰጥቷል፤ ቀዝቃዛው 5.7 ዲግሪ ወጥቶ 1,191 ጁል ተቀብሏል። የጎደለው 126 ጁል ኩባያውን በ5.7 ዲግሪ ያሞቀ ነው፤ ስለዚህ ኩባያው ከነዕቃው በአንድ ዲግሪ 22 ጁል ይወስዳል ማለት ነው። ወደ ሙከራችን ስንመለስ 22 በ6.3 ተባዝቶ 139 ጁል ይሆናል፤ በ2,633 ላይ ሲደመር 2,772 ጁል፣ በሞል 55.4 ኪሎጁል ይሰጣል። የኩባያው ልኬት በየክፍለ ጊዜው መደገም የለበትም፤ ያው ዓይነት ኩባያ እስከተያዘ ድረስ አንዴ የተገኘው ቁጥር በማስታወሻ ተይዞ ያገለግላል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከመጽሐፋቸው የሚያነቡት 57 ኪሎጁል የሚል ቁጥር ነው፤ 55.4 ሲያገኙ ተሳስተናል ብለው ያስባሉ። ውሃ ሲፈጠር የሚወጣው ሙቀት ግን ራሱ በመጠነ ሙቀት ይለያያል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ በሞል 0.2 ኪሎጁል ያህል ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ 57 ገደማ የነበረው በ25 ዲግሪ 55.8፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 54.7 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ፍጹም የሆነ መሣሪያ ቢኖር እንኳ አንድ ዓይነት ብጥብጥ በቀዝቃዛ የሐረር ጠዋትና በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ተመሳሳይ ቁጥር አይሰጥም። ልዩነቱ በቴርሞሜትር ሲታይ ከ0.3 ዲግሪ ብዙም ስለማይዘል በ1 ዲግሪ የተከፋፈለው ቴርሞሜትር አይለየውም፤ ያም ሆኖ የድሬዳዋ ተማሪ ከ57 በታች ስላገኘ ብቻ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም። በ0.1 ዲግሪ የሚያነቡ የሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓይነት ኩባያ እየሠሩ ውጤታቸውን ቢለዋወጡ ጥሩ የሳይንስ ክበብ ሥራ ይወጣዋል።

መልሱ ሲጻፍ ካልኩሌተሩ ያወጣውን አሃዝ ሁሉ መደርደር አይገባም። በዲጂታል ቴርሞሜትር የተሠራው ከላይ ያለው ምሳሌ 55 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 2 ኪሎጁል ተብሎ ቢጻፍ በቂ ነው። በተራ ቴርሞሜትር ከሆነ ክልሉ ወደ 8 ይሰፋል።

በሌሎች አሲዶች ሲሞከር

በአቼቶ መሥራት የሚፈልግ መለያውን ያንብብ፤ 5 በመቶ የሚለው 0.8 ሞላር ገደማ ነው። አሴቲክ አሲድ ደካማ ስለሆነ ብዙ ያነሰ ሙቀት ይሰጣል የሚል ግምት ተስፋፍቷል። በሞል ሲሰላ ግን ከጠንካራው አሲድ ያለው ልዩነት እጅግ ትንሽ በመሆኑ በትምህርት ቤት ቴርሞሜትር አይታይም። ጭማሪው አነስ ብሎ ከታየ ምክንያቱ ብጥብጡ የቀጠነ መሆኑ ነው። ደካማነት በእርግጥ የሚያመጣውን ልዩነት ማየት የፈለገ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፋንታ አሞኒያ ይጠቀም፤ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር በሞል 52 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል። ሰልፈሪክ አሲድ ለንጽጽር ከተወሰደ አንዱ ሞል ሁለት የሃይድሮጅን አየን እንደሚሰጥ አስታውሶ ሒሳቡን በተፈጠረው ውሃ ሞል መሥራት ያስፈልጋል።

ጥንካሬው የማይታወቅ አሲድ ከሆነ ቴርሞሜትሩ የቀለም ጠቋሚን ተክቶ ሊሠራ ይችላል። 25 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር አልካሊ በኩባያው ውስጥ እያለ አሲዱ ከቡሬት በ5 ሚሊ ሊትር እየተጨመረ፣ በየጊዜው እየተማሰለ ይነበባል። አልካሊው እስኪያልቅ መጠነ ሙቀቱ ይወጣል፤ ካለቀ በኋላ የሚጨመረው አሲድ ያቀዘቅዘዋል። በሚወጡትና በሚወርዱት ነጥቦች የሚሳቡት ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ የሚፈለገው መጠን ነው። አሲዱ 1 ሞላር ከሆነ ጭማሪው 10 ሚሊ ሊትር ላይ 3.8፣ 20 ላይ 5.9፣ 25 ላይ 6.7 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ፣ 35 ላይ ወደ 5.6 ይወርዳል። የሚወጣው ክፍል ቀጥ ያለ ሳይሆን የሚጎብጥ መሆኑ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ድብልቁ እየበዛ ስለሚሄድ ነው። ይህን ለመቀነስ ከጫፉ አጠገብ ያሉትን ጥቂት ነጥቦች ብቻ መጠቀም ይበቃል። አሲዱ በፍጥነት፣ በግማሽ ደቂቃ ልዩነት ካልተጨመረ ግን አየሩ ጫፉን ያደበዝዘዋል።

ሥራው ሲያልቅ በኩባያው ያለው ጥቂት አልካሊ የተረፈበት የጨው ውሃ ነው። በሊትመስ ታይቶ፣ በብዙ ውሃ ቀጥኖ ወደ ፍሳሽ ሊፈስስ ይችላል። ቡሬቱ ግን አልካሊ ነክቶት ከሆነ በዚያው ሰዓት፣ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ ደጋግሞ በማሳለፍ ይታጠብ፤ የመስታወት መዝጊያው ሳይታጠብ ካደረ በማግስቱ አይዞርም።